ወንድሜ ስለ ራሱ የሚለውና ሐኪሞቹ የጻፉት አልገጥም አለኝ

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ጎንደር ነው። ወንድሜ 21 ዓመቱ ነው። አምና ሆስፒታል ወስደነው ኦቲዝም አለበት ተባልን። የተሰጠን ወረቀት ‹ከሰው ጋር የመግባባት ችግር፣ የሌሎችን ስሜት ለመረዳት መቸገር፣ ተደጋጋሚ እንቅስቃሴ› ይላል። እሱ ደግሞ ስልኩ ላይ ሲያነብ ከርሞ ‹የሰው ስሜት ይገባኛል፤ እንዲያውም ይበዛብኛል። ተፈጥሮዬ ነው እንጂ አልታመምኩም› ይለኛል። በቅርቡ ግን የአጎታችን ለቅሶ ላይ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ክር በጣቱ ሲጠመዝዝ ዋለ። ዘመድ ሁሉ ‹ልቡ ድንጋይ ነው› አለ። እናታችን በጣም አፈረች፤ ፀበል ልትወስደው ነው። ማንን ልመን? እሱን ወይስ ሐኪሞቹን?»

መልስ፦ እህቴ፣ ዋናውን ላስቀድምልሽ። በውስጡ ስላለው ነገር ወንድምሽን እመኚው። ከውጭ ስለሚታየው ነገር ደግሞ ሐኪሞቹ አልዋሹሽም። ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ሌላ ሰው አይቶ የሚጽፈው ነው። ለምን እንደዚያ እንደሚሆን የሚያውቀው ግን ባለቤቱ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? ሥሩ ያለው እሱ ጋ ነው።

ከጻፍሽው ሁሉ ልቤን የነካው ለቅሶው ነው፤ እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ።

የአገራችንን ለቅሶ ሁለታችንም እናውቀዋለን። ድንኳኑ ጢም ብሎ ሞልቷል። አዲስ ለቀስተኛ ብቅ ባለ ቁጥር ጋብ ያለው ዋይታ እንደገና ይነሳል። ደረት ይመታል፣ ሙሾ ይወርዳል። አንዱ ንፍሮ ያዞራል፣ አንዱ ወንበር ይጎትታል። ጥግ ላይ ደግሞ ሁለት ሽማግሌዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስለ መሬት ጉዳይ ያወራሉ። እኔና አንቺ እዚያ መሀል ስንቀመጥ ጆሯችን ራሱ ይመርጥልናል። ሙሾውን እንሰማለን፤ የወንበሩን ድምፅ ልብ አንለውም። ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ ሰዎች ግን ይህን ምርጫ አላገኙም። ሁሉም ድምፅ እኩል እየጮኸ ይገባባቸዋል። የድንኳኑ ሙቀት፣ የሰው ሽታ፣ ትከሻ ለትከሻ መነካካቱ ይጨመርበታል። በዚያ ላይ የሚወደው አጎቱ ሞቷል።

ወንድምሽ ክሩን የጠመዘዘው ይህን ሁሉ ተሸክሞ ነው። ዘመድ ክሩን አይቶ «ይጫወታል» አለ። እኔ ደግሞ እዚያ ድንኳን ውስጥ አስችሎ ያስቀመጠው ያ ክር ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2019 በእንግሊዝ አገር የታተመ አንድ ጥናት ኦቲዝም ያለባቸውን አዋቂዎች ስለዚሁ ነገር ራሳቸውን ጠይቋቸው ነበር። እጅ ማርገብገብ፣ መወዛወዝ፣ ዕቃ መጠምዘዝ ምን ያደርግላችኋል ተባሉ። ስሜት ሲበረታብን፣ ድምፅና ብርሃን ሲበዛብን ያረጋጋናል አሉ። በግድ ሲያስቆሟቸው እንደሚከፋቸውም ተናገሩ። ሕክምናው ለረጅም ዘመን ይህንኑ እንቅስቃሴ ማስቆምን እንደ ስኬት ይቆጥር ነበር። ያስቆሙት መረጋጊያውን እንደነበር ያወቁት ባለቤቶቹን ሲጠይቁ ነው።

አንድ ቃል አለመተንፈሱስ? ብዙዎቹ ሲጨናነቁ አንደበታቸው ይያዛል። ቃሉን ያውቁታል፤ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ማለት እንዳለባቸውም ያውቃሉ። አፋቸው ግን እሺ አይላቸውም። የምከታተላቸው ወጣቶች ዘንድ ደጋግሜ ያየሁት ሌላም ነገር አለ። ሐዘኑ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ድንኳኑ ተነቅሎ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ከተመለሰ በኋላ እንቅልፍ ያጣሉ፣ ምግብ ይተዋሉ፣ ክፍላቸውን ዘግተው ይቀመጣሉ። ያኔ ደግሞ ቤተሰብ «አሁን ምን ሆነ?» ይላል። ከለቅሶው በኋላ ወንድምሽ እንዴት እንደሰነበተ እስቲ መለስ ብለሽ አስቢ።

የአርባው ተዝካር ካላለፈ እንዲህ ሞክሩ። ሰው ሳይበዛ ቀድሞ ይምጣና ሐዘንተኞቹን ሰላም ይበል። የሚይዘው ሥራ ስጡት፤ ውሃ መቅዳት ወይም ሰሃን ማቀበል ይሆናል። ሲበዛበት የሚወጣበትን በር አስቀድማችሁ ተስማሙ። ክሩ ኪሱ ውስጥ ይሁን።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልሂድ። እንዲህ ያለው አጻጻፍ አብሮት የሚመጣ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1943 አሜሪካ፣ ባልቲሞር ውስጥ ሌዮ ካነር የሚባል ሐኪም የ11 ልጆችን ታሪክ ጻፈ። ዛሬ ኦቲዝም የምንለው በሕክምና ስሙ የታወቀው ከዚያ ጽሑፍ ወዲህ ነው። ካነር ጥሩ ዓይን ነበረው፤ ያየውን በጥንቃቄ ጽፏል። ልጆቹ ግን ትንንሾች ነበሩ፤ ስለ ራሳቸው የሚሉትን የሚጽፍላቸው አልነበረም። ስለዚህ እውቀቱ ከመነሻው በውጭ ሰው ዓይን ተገነባ።

የውጭ ዓይን ደግሞ ሲሳሳት ጉዳቱ ከባድ ነው። ካነር ወላጆቹ ቀዝቃዛ መሆናቸውን ጽፎ ስለነበር፣ ከዚያ በኋላ ዓመታትን የፈጀ እናቶችን የመወንጀል ዘመን መጣ። ልጁ እንዲህ የሆነው እናቱ ፍቅር ነፍጋው ነው ተባለ። እኛ አገር «እናቲቱ ምን ሠርታ ነው?»፣ «ቡዳ በልቶት ነው»፣ «እርግማን ነው» የሚለው ጎረቤት ነው። እዚያ ይህን ያሉት የተማሩ ሐኪሞች ነበሩ። በርናርድ ሪምላንድ የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ እሱ ራሱ ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባት፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ይህን ውንጀላ ተቃውሞ ጻፈ። በ1977 ደግሞ በመንትዮች ላይ የተደረገ ጥናት የዘር ድርሻው ትልቅ መሆኑን አሳየ። ይህንን ለእናትሽ ንገሪልኝ። እሷ ያጠፋችው ነገር የለም።

የስሜት ሕዋሳትም ነገር እንዲሁ ነው። ድምፅ ጆሮን እንደሚያም፣ የልብስ ስፌት ቆዳን እንደሚወጋ ባለቤቶቹ ሲናገሩ ኖረዋል። አሜሪካዊቷ ቴምፕል ግራንዲን በ1986 የራሷን ታሪክ ስታሳትም ስለዚህ በሰፊው ጽፋለች። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ግን ይህን ራሱን የቻለ የኦቲዝም መለያ አድርጎ ያስገባው በ2013 ነው። 27 ዓመት ማለት ነው። በዚያ መሀል ስንት ልጅ «ቅብጠት ነው» ተብሎ ተገርፏል?

ዓይን ለዓይን ስለ አለመተያየትም አንድ ነገር ልበል፤ እዚህ አገር በጣም ያምታታናልና። እኛ ዘንድ ከአባት፣ ከመምህር፣ ከቄስ ፊት ዓይኑን ሰበር የሚያደርግ ልጅ «ጨዋ» ይባላል። አፍጥጦ የሚያይ ነው ባለጌ። የምንሠራባቸው መጠይቆች ግን በአብዛኛው የተሠሩት ዓይን ማየት ግዴታ በሆነበት አገር ነው። ስለዚህ ባለሙያ «ዓይን አያይም» ብሎ ምልክት ከማድረጉ በፊት መጠየቅ አለበት። አንዱ ልጅ አክብሮ ነው። ሌላው ደግሞ «ፊትዎን ካየሁ የሚሉትን አልሰማም፤ አንዱን ይምረጡልኝ» የሚል ነው። ከወንበሬ ሆኜ ስመለከት ሁለቱ ልጆች አንድ ናቸው። የሚለያቸው የገዛ መልሳቸው ነው።

ወረቀቱ «የሌሎችን ስሜት ለመረዳት መቸገር» ይላል። እዚህ ላይ ወንድምሽ የሚለው ብዙ ተከታይ ያለው ሐሳብ ነው። ዴሚያን ሚልተን የሚባል እንግሊዛዊ የማኅበረሰብ ጥናት ባለሙያ፣ ራሱም ኦቲዝም ያለበት፣ እ.ኤ.አ. በ2012 እንዲህ አለ፦ አለመግባባቱ የሁለት ወገን ነው። ኦቲዝም ያለበት ሰው የሌላውን ልብ ለማንበብ ይቸገራል። ሌላውም የእሱን ልብ ለማንበብ እኩል ይቸገራል። ጉድለት ተብሎ የሚጻፈው ግን በአንዱ ስም ብቻ ነው።

ይህ በጥናትም ተፈትሿል። በ2020 የታተመ አንድ የኤዲንብራ ጥናት ስምንት ስምንት ሰው አሰልፎ ታሪክ ከጆሮ ወደ ጆሮ አስተላለፈ። ሁሉም ኦቲዝም ያለባቸው የሆኑበት ሰልፍ ታሪኩን ሁሉም ከሌለባቸው ሰልፍ እኩል ጠብቆ አደረሰ። ብዙ የጠፋው ሁለቱ ሲደባለቁ ነበር። በኋላ በ2025 በብዙ ሰው የተሠራ ተመሳሳይ ጥናት ደግሞ የተደባለቁትም እምብዛም እንዳላነሱ አገኘ። ስለዚህ ስለ ድብልቁ ክርክሩ ይቀጥላል። ሁለቱም ጊዜ ያልተለወጠው፣ ኦቲዝም ያለባቸው እርስ በርስ ሲነጋገሩ ያ የተባለው ጉድለት አለመታየቱ ነው።

በእናንተው ሰፈር እንየው። ጎረቤት ቡና አፍልታ «ግባ እንጂ፣ ቡና ጠጣ» ትለዋለች። እሱ «አልገባም፤ የዕጣኑ ጭስ ያመኛል» ይላል። እሷ ናቀኝ ብላ ትቀየማለች። እሱ ደግሞ እውነቱን በመናገሩ ያከበራት ነው የመሰለው። ማን ነው የማንን ስሜት ያልተረዳው? እኔ ሁለቱም ተሳስተዋል እላለሁ። የሚስቀው ግን እሱ ላይ ነው፤ የሚመከረውም እሱ ብቻ ነው።

ይህን የተረዱ አንዳንዶች መደበቅን ይማራሉ። ሰላምታውን ይሸመድዳሉ፤ ሰው ሲስቅ ይስቃሉ፤ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ጨብጠው ይይዛሉ። ከውጭ ሲታዩ «ተሻላቸው» ይባላል። ከውስጥ ሲጠየቁ ማታ ቤት ሲገቡ የተገረፉ ያህል እንደሚደክማቸው ይናገራሉ። እንዲህ መደበቅ ከጭንቀት፣ ከድብርት፣ አልፎም ራስን ለማጥፋት ከማሰብ ጋር እንደሚያያዝ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። ሴቶች ልጆች ደግሞ በዚህ የበለጠ ይጎዳሉ። ዝም የምትል፣ ከሰው የማትቀላቀል ልጅ ጎንደር ውስጥ «ጭምት» ተብላ ትመሰገናለች። ማንም ወደ ሐኪም አይወስዳትም። ይህ ሁልጊዜ ያሳስበኛል፤ ይህን የምታነቡ መምህራን ካላችሁ የኋላ ወንበር ላይ ያለችውን ዝምተኛ ልጅ አንድ ጊዜ ጠይቋት።

እህቴ፣ እስካሁን ለወንድምሽ ወገንኩ። አሁን ሌላውን ጎን ልንገርሽ።

ማንም ሰው ራሱን ሙሉ በሙሉ አያውቅም፤ እሱም እንደዚያው ነው። ኦቲዝም ካለባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ የገዛ ስሜታቸውን ለይተው ለመሰየም ይቸገራሉ። ልባቸው ይመታል፣ ሆዳቸው ይታመማል፤ ፍርሃት ይሁን ንዴት፣ ወይስ ምሳ ስላልበሉ፣ መለየት ያቅታቸዋል። ስለዚህ «ደህና ነኝ» ካለሽና ሳምንት ካልተኛ፣ ያለመተኛቱንም እመኚ። ከስልኩ ያነበበው ሁሉም የእሱን ኑሮ አይገልጽም፤ አብዛኛው የተጻፈው ሌላ አገር፣ ሌላ ኑሮ ላላቸው ሰዎች ነው። «አልታመምኩም» ማለቱ ግን ትክክል ነው። ኦቲዝም መድኃኒት ተውጦ የሚድን በሽታ አይደለም። ነገር ግን ኦቲዝም ያለበት ሰው ይታመማል። ጭንቀት፣ ድብርት፣ የእንቅልፍ ችግር፣ የሚጥል በሽታ ከሌላው ሰው በበለጠ ያገኟቸዋል፤ እነዚህ ሁሉ ሕክምና አላቸው። «ተፈጥሮዬ ነው» እና «እርዱኝ» አብረው መባል ይችላሉ። ሁለተኛውን ለማለት እንዳያፍር አድርጉት።

ደግሞም ቃል የማይወጣው፣ በሃያ ዓመቱ ልብስ የሚያለብሱት ልጅ ያላት እናት ይህን አንብባ «ስልክ የሚያነብ ልጅ ስለኔ ልጅ ምን ያውቃል?» ብትል አልቃወማትም። የእሷ ድካም ሌላ ነው፤ የሚያስፈልጋት እርዳታም ሌላ ነው። ግን አለመናገር አለመረዳት አይደለም። እንዲህ ያለ ልጅ በሥዕል ካርድ፣ በጣቱ በመጠቆም፣ በታብሌት «ይሄን አልፈልግም» ማለትን መማር ይችላል። ጆሮውን ሲይዝም፣ በሩን ሲገፋም እየነገረን ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ አለኝ። ሌላ ሰው እጁን ደግፎ የሚያስጽፈው ጽሑፍ የልጁ ቃል ተደርጎ አይወሰድ። በ1990ዎቹ ሲፈተሽ ቃሉ የረዳቱ ሆኖ ተገኝቷል።

ወንድምሽን እንዴት ትጠይቂው? «ለምን እንዲህ አደረግክ?» አትበዪው፤ ወቀሳ ይመስላል። «ምን ተሰማህ?» የሚለውም ይከብዳል። ጠበብ አድርጊው። «ድንኳኑ ውስጥ የባሰብህ ድምፁ ነው፣ ሙቀቱ ነው፣ ወይስ ሰው ሲነካህ?» በዪው። ፊት ለፊት ተቀምጠሽ አትጠብቂው፤ አብራችሁ ወደ ፋሲል ግቢ ስትሄዱ፣ ጎን ለጎን፣ ይሻላል። ከሁሉ የሚቀለው ደግሞ በቴሌግራም መጻፍ ነው። ቤት ውስጥ አጠገብሽ ተቀምጦም ቢሆን በጽሑፍ የሚመልስልሽ ይበልጥ ሊሆን ይችላል። መልሱ ነገ ቢመጣም ታገሺው።

ከዚያ የመለሰውን አንድ ገጽ ላይ በራሱ ቃል ይጻፈው፦ የሚያመኝ ይሄ ነው፣ የሚያረጋጋኝ ይሄ ነው፣ ስጨናነቅ እንዲህ አድርጉልኝ፣ እርዳታ የምፈልገው በዚህ ነው። ለቀጣዩ ቀጠሮ ይዛችሁት ሂዱና ከካርዱ ጋር እንዲያያዝ ጠይቁ። ሐኪሙ ከመጀመሪያው ወረቀት የማያገኘው ነገር እዚያ ላይ አለ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከአእምሮ ሕክምናው ሌላ የኦኩፔሽናል ቴራፒ ባለሙያዎችን ያስተምራል። ድምፅን፣ ልብስን፣ የዕለት ሥራን ከእሱ ጋር ለማስማማት የሚረዱት እነሱ ናቸው፤ ስለ እነሱም ጠይቁ።

እናትሽ ማፈሯ አይግረምሽ። ዘሚ የኑስ ይህን ሁሉ አልፋበታለች። ኦቲዝም ያለበት ልጇን እያሳደገች እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ውስጥ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ከፈተች። በ2021 እስካረፈችበት ጊዜ ድረስ ልጆቹ ከጓዳ እንዲወጡ፣ እርግማን ተብለው እንዳይታሰሩ አደባባይ ወጥታ ተሟገተች። እናትሽ ብቻዋን አይደለችም፤ ይህን ስትሰማ ትንሽ ይቀልላታል ብዬ አስባለሁ።

ስለ ፀበሉ። እምነቷን የሚነካ ነገር ከእኔ አትሰሚም። አንድ ነገር ግን አደራ። ሌሊት በብርድ፣ የሚጮኽ ሰው መሀል፣ ድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ሲወርድበት ወንድምሽ ሊጮኽ ይችላል። ከቆዳውና ከጆሮው የመጣ ጩኸት ነው። አጠገቡ የቆመ ሰው ግን «ይኸው፣ ለፈለፈ!» ብሎ ሌላ ነገር ሊያደርገው ይችላል። ከዚያ መያዝ ይመጣል፣ ማሰር ይመጣል። ስለዚህ መጀመሪያ እሱን ጠይቁት። እሺ ካለ ሰው በማይበዛበት ሰዓት ሂዱ፤ ለአጥማቂው አባት አስቀድማችሁ ንገሯቸው፣ በቀስታ ይረጩት። በምንም መንገድ እንዳይታሰር። የጀመረው መድኃኒት ካለም ለፀበል ተብሎ አይቋረጥ። እምቢ ካለ ደግሞ እናትሽ ሄዳ ትጸልይለት። ፀበሉንም በሃይላንድ ይዛለት ትምጣ፤ ቤቱ ቁጭ ብሎ ይጠጣዋል።